ደወል ያለው ኤዲተር

ኦክቶበር 3፣ 1988፣ ሰኞ

ይህን ደብተር ዛሬ በምሳ ሰዓት ከቢሮው መጋዘን ወሰድኩት። ሰረቅኩ አልልም፤ የዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ዲፓርትመንት ታይፒስት አንድ ደብተር አያንሳትም። ትናንት መናገር ሲገባኝ ያልተናገርኩት ነገር አለ፣ የሆነ ቦታ ላስቀምጠው።

ትናንት ፌርፋክስ መንገድ፣ የእኛው ሰው ምግብ ቤት ውስጥ፣ ወደ ሠላሳ የምንሆን የጋሼ መኩሪያ የድሮ ተማሪዎች ተሰብስበን ኮምፒውተር ሰጠናቸው። ያስተባበረው አድማሱ ነው፤ ታክሲ ይነዳል፣ ያሳፈረውን ሁሉ ያሳምናል። ጋሼ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ እኔም ስምንተኛ ክፍል እሳቸው እጅ ነው ያለፍኩት። አሁን እዚህ በሰው አገር ለሚያድጉት ልጆቻችን «ሒሳብ ለሚፈሩ» የሚል መጽሐፍ በአማርኛ ጽፈዋል፤ አሥራ አንድ ደብተር፣ በእጃቸው። ከድሮዎቹ የሒሳብ ጥያቄዎች የደብረ ብርሃኑን አውቶቡስ አውጥተው ከክሬንሾው ተነሥቶ ሎንግ ቢች የሚደርስ አውቶቡስ አስገብተዋል። ስኳር ዓይናቸውን ጎድቶታል፤ ዲሴምበር 12 ኦፕሬሽን አላቸው። ሐኪሙ ሊሳካም ላይሳካም ይችላል ብሏቸዋል። ተነሥተው የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ከዚያ ቀን በፊት መጽሐፌን በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። የፕሮፌሰሮቹን ጽሑፍ ለኅትመት የማዘጋጀው እኔ ነኛ። ጽሑፉን ከነትእዛዙ፣ እዚህ ርዕስ፣ እዚህ ክፍልፋይ እያልኩ እተይባለሁ፤ ኮምፒውተሩ ያንን አንብቦ የተስተካከለ ገጽ ያወጣል። አሥራት የሚባል የኢንጂነሪንግ ተማሪ ደግሞ የአማርኛ ፊደል ሠርቶለታል፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ይተየባል፣ በእኛ ፊደል ይታተማል። የቀረው መተየቢያው ብቻ ነው፣ ኤዲተር የምንለው።

አድማሱ ሻጩን አምኖ አንድ የደብዳቤ መጻፊያ ፕሮግራም አብሮ ገዝቷል። «ዘቢደር፣ ቤስቱን ነው የሰጠኝ፤ ሴክሬታሪ ሁሉ የሚጠቀመው» አለኝ። ስክሪኑን እንዳየሁ አወቅኩት። ይህ ፕሮግራም በየቃሉ መጨረሻ ላይ ለራሱ የሚሆን የማይታይ ምልክት ይደብቃል። ደብዳቤ ለሚጽፍ ሰው ምንም አይደለም። ለእኛ ሥራ ግን መርዝ ነው፤ ገጽ የሚያወጣው ፕሮግራም እዚያ ምልክት ላይ ሲደርስ የቃሉን መጨረሻ ያበላሸዋል።

መናገር ነበረብኝ። ጋሼ ግን ማሽኑን በሁለት እጃቸው እየዳሰሱ «ልጆቼ ይህን ገዙልኝ» ይላሉ፣ ባለቤታቸው እትዬ ውብነሽ ያለቅሳሉ፣ አድማሱ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። «ጥሩ ነው» አልኩ። ይኸው ነው ያልኩት።

ኦክቶበር 6፣ ሐሙስ

አሥራት ቢሮ መጣ። ገና ሳይቀመጥ፣ «ነገርሻቸው?»

«አልነገርኳቸውም።»

«ዘቢ፣ ይኼ እኮ ሲምፕል ነው። ሮንግ ኤዲተር ነው ትያቸዋለሽ፣ ኢማክስን ኢንስቶል አደርግላቸዋለሁ፣ በቃ።»

ከኢማክስ ሌላ መተየቢያ አያውቅም፤ እንደ ሃይማኖት ይዞታል። እኔ ቢሮ የምሠራው ቪአይ በሚባለው መተየቢያ ነው። ፈጣን ነው፣ ግን አንዴ ለመጻፍ አንዴ ለማዘዝ እየቀያየሩ ነው፤ ይህን ለስድሳ ስምንት ዓመት ሰው እንዴት እንደማስረዳ አላውቅም። የቱ ትእዛዙን በግልጽ ያሳያል፣ የቱ መስመሩን አያጥፍም፣ የቱ ለዓይን ይቀላል እያልን ምሳ ሰዓቱን ጨረስነው። ከሁሉም በላይ ለዓይን የሚቀለው ይሁን በሚለው ብቻ ተስማማን። ሳንድዊቼ እንዳለ ቀረ።

በመጨረሻ የወሰንኩት ሌላ ነው። ለጋሼ ምንም አልነግርም። በያዙት ይተይቡ፣ እኔ በየሳምንቱ ጽሑፉ ያለበትን ፍሎፒ ዲስክ ወስጄ የተደበቀውን ምልክት በሌላ ፕሮግራም እጠርጋለሁ። መጥረጊያውን አሥራት እያጉረመረመ ጻፈልኝ።

ኦክቶበር 9፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ጋሼ ቤት ሄድኩ። ሲተይቡ አየኋቸው። ስክሪኑን አያዩም፤ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ነው የሚተይቡት። ድሮ ፈተናችንን በጽሕፈት መኪና ራሳቸው ነበር የሚተይቡት፤ የድሮ ታይፒስት እንዲህ ነው። እኔ አሥር ዓመት ተይቤ አሁንም ጣቴን እሰልላለሁ። ደብተሮቹም ከሻንጣው አልወጡም። «ከራሴ ነው የምጽፈው» አሉኝ። አሥራ አንድ ደብተር በቃል! እኔ የትናንቱን የገበያ ዝርዝር አላስታውስም።

ፕሮግራሙ መስመር ሊያልቅ ሲል እንደ ድሮ የጽሕፈት መኪና ቲን ይላል። ደወሉን ያበራላቸው ሻጩ ነው። «ይኼን ነገር ወደድኩት፤ የት እንደደረስኩ ይነግረኛል» አሉ። እኔን ራሴን አመመኝ።

ሻይ እኔ ካልቀዳሁልሽ ብለው ሳህኑ እስኪሞላ ቀዱልኝ። «ትርፉ ለሳህኑ» ብለው ሳቁ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ሳይገዛ በፊት ቢሮ ያተምኩላቸውን የናሙና ገጽ ሰጡኝና፣ «በይ አንብቢ፣ ንባብሽን ልየው» አሉ። የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ተነሥቼ ቆሜ አነበብኩ። ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ።

ኦክቶበር 14፣ ዓርብ

ሁለት ምዕራፍ ጠረግኩ። ከምልክቱ ጋር ሦስት ክፍልፋይ ጠፋ፣ በእጄ መለስኩ። ፕሮፌሰሩ ሁለቴ ጠሩኝ። አልበላሁም።

ኦክቶበር 20፣ ሐሙስ

በዛሬው ፍሎፒ ስድስት ገጽ ሙሉ ምንም ቋንቋ ያልሆነ ነገር አለ። ፕሮግራሙን እንደ ሰው ሰደብኩት። በኋላ ልብ ብዬ ሳየው እያንዳንዱ ፊደል ከትክክለኛው ቁልፍ አንድ ወደ ቀኝ ስቷል። ጣታቸውን ሲያስቀምጡ አንድ ቁልፍ አልፈው አስቀምጠዋል፣ እንደዚያው ስድስት ገጽ ሄደዋል። ደወሉ መቼም በየመስመሩ ቲን ብሎላቸዋል። ኪቦርዱ ርካሽ ስለሆነ ነው፤ ቁልፎቹ ተጣብቀዋል። ለአድማሱ እንዲቀይረው መንገር አለብኝ። እንደማልነግረውም አውቃለሁ።

ፊደል በፊደል ወደ ግራ እየመለስኩ ነው። የሦስት ቀን ምሳ ይፈጃል።

ኦክቶበር 30፣ እሑድ

ዛሬ ልናገር ቆርጬ ወጣሁ። ከሰፈሬ ከፓልምስ እስከ ፌርፋክስ አውቶቡስ ላይ ስለማመደው ነበር፤ «ጋሼ፣ ፕሮግራሙ ጥሩ ነው፣ ግን ለዚህ ሥራ የሚሻል አለ።» እንዲህ ብናገረው ማን ይሞታል? ዘጠኝ ምዕራፍ ነው፣ ያለቀው አራት ነው፣ ስድስት ሳምንት ቀርቷል። የእኔ ጊዜ በመጥረግ እያለቀ ነው። ትክክለኛ ኤዲተር ቢይዙ በዚያው ቀን ማተም እችል ነበር።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። እትዬ ውብነሽ ስልክ ይዘዋል። «ኧረ ለማንም አይነገርም ብለዋል። ልጆቹ ይህን ሁሉ ደክመው፣ እንዴት ተብሎ...» ሲያዩኝ ስልኩን ዘጉ።

ያኔ ገባኝ። ጋሼ ፕሮግራሙ እንደማይረባ ያውቃሉ፤ አድማሱን ላለማሳፈር ነው የቻሉት። እሳቸው ለተማሪያቸው ሲሉ ከቻሉ እኔ ምን አፍ አለኝ። መኪናቸውንም ለአድማሱ ሰጥተውታል። «ፌርፋክስ ላይ ፓርክ ማድረግ አስጠላኝ» አሉ። ሻዬን ጠጥቼ፣ አንብቢ ያሉኝን አንብቤ፣ ፍሎፒዬን ይዤ ተመለስኩ።

ኖቬምበር 6፣ እሑድ

አሥራት አላስቀምጥ ብሎኝ ዛሬ አብረን ሄድን። ኢማክስን ቁልፎቹን ቀይሮ የሱቁን ፕሮግራም አስመስሎታል፤ የሁለት ሳምንት ድካም ነው። እኔ ደግሞ ዋሸሁ። «ጋሼ፣ የዚያው ፕሮግራም አዲሱ ነው፤ አሻሽለውት ነው» አልኩ። እንዲህ ከሆነ ማንም አያፍርም ብዬ ነው።

ተቀመጡ። ሁለት መስመር ያህል ተየቡ። ከዚያ እጃቸው ቆመ።

«የት ነው ያለሁት?»

አሥራት ስክሪኑ ላይ ጣቱን ቀሰረ። «እዚህ ጋ ነዎት ጋሼ። ይኸው፣ ምንም የተደበቀ ነገር የለም፤ ሁሉም ክሊር ሆኖ ይታያል።»

ጋሼ ጣቱ ወዳለበት አላዩም፣ ወደ አሥራት ዞሩ። «ደወሉስ?»

«ደወሉን አጠፋሁት፣ አያስፈልግም እኮ። ስክሪኑ ላይ ይታያል።»

እጃቸውን ከኪቦርዱ አንሥተው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። እንደዚያ ደርቀው አይቻቸው አላውቅም። «የቀድሞውን መልሱልኝ» አሉ።

«ጋሼ፣ አንድ ሳምንት ቢሞክሩት...»

እትዬ ውብነሽ ከኩሽናው በር ላይ፣ «ተዉአቸው ልጆቼ» አሉ። የሰውን ቤት እቃ የሰበርን ይመስል ተፋጠን መለስነው። አሥራት ድራይቭ እያደረገ፣ «ሽማግሌ ነው በቃ፣ ቼንጅ አይወድም» አለ። «ናቸው» ይባላል እንጂ «ነው» አይባልም አልኩት። ፓልምስ ላይ አወረደኝ።

ኖቬምበር 7፣ ሰኞ

የመጀመሪያው ቀን ብናገር ኖሮ። የመጀመሪያው ቀን እጃቸው ገና አልለመደም ነበር። አሁን ለመደ፣ አሁን አመለጠ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የአሥራት አይደለም፣ የአድማሱም አይደለም።

ኖቬምበር 15፣ ማክሰኞ

ጋሼ ቢሮ ደወሉ። ዘጠነኛውን ምዕራፍ ጨርሰዋል። «የእኔ ድርሻ አለቀ፤ አሁን ያንቺ ነው» አሉኝ። ድምፃቸው የልጅ ነበር። አድማሱ ዘጠኙም ምዕራፍ ያለበትን ፍሎፒ አምጥቶልኝ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩ። ጉሮሮዬን ያመኛል።

ኖቬምበር 18፣ ዓርብ

ትኩሳት። አልጋ ላይ ነኝ። አሥራትን ደውዬ መሳቢያዬ ውስጥ ያለውን አትምልኝ አልኩት። መጀመሪያ ጥረገው ማለቴን አላስታውስም። ያልኩ ይመስለኛል።

ኖቬምበር 21፣ ሰኞ

አላልኩም።

ቢሮ ስገባ አሥራት ፈገግ ብሎ ጠበቀኝ። የተጠረገው እሱ መስሎት ከፍሎፒው ላይ በቀጥታ አትሞ፣ እንዳልደክም ብሎ ዓርብ ማታ ራሱ ጋሼ ቤት አድርሶታል። በፖስታ አሽጎ። አላየውም። ሁለተኛው ቅጂ ማተሚያው ላይ ነበር፣ አነሣሁት። መቶ አርባ ገጽ ነው። በየቃሉ መጨረሻ ላይ ፊደል የለም፤ በቦታው ጥቁር አራት ማዕዘን፣ ግማሽ ቅንፍ፣ የማይታወቅ ነገር አለ። ክፍልፋዮቹ እርስ በርስ ተደራርበዋል። መስመሩ ከወረቀቱ ጫፍ አልፎ ይሄዳል። ሰው እንደ ቀልድ እንኳ እንዲህ አይጽፍም።

ጋሼ ሦስት ቀን ይህን ይዘው ተቀምጠዋል። ሠላሳ ዓመት የለፉበትን። እና አልደወሉም። ተቆጥተው ቢደውሉ ይሻለኝ ነበር። ነገ እሄዳለሁ፣ ሁሉንም እነግራቸዋለሁ፤ ምልክቱን፣ መጥረጊያውን፣ ውሸቴን።

ኖቬምበር 22፣ ማክሰኞ

ሄድኩ።

በሩን የከፈቱት እራሳቸው ጋሼ ናቸው። ክራቫት አድርገዋል። ንግግሬን ሳልጀምር ወረቀቱን በሁለት እጃቸው አቀረቡልኝ።

«አየሁት» አሉ። «ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየሁት። አንድ ስሕተት አላገኘሁበትም። እጅሽ ይባረክ።»

ገለጥኩት። በያንዳንዱ ገጽ ላይ የቀይ እርሳስ የ«ትክክል» ምልክት አለ፣ ድሮ ደብተራችን ላይ የሚያደርጉት ዓይነት። መቶ አርባ ምልክት። ሁሉም ከታች፣ በቀኝ ማዕዘኑ ላይ፣ ከጫፉ አንድ አውራ ጣት ገባ ብሎ። በመጨረሻው ገጽ ላይ «ይታተም» ብለው ፈርመዋል። ሠላሳ ሰባተኛው ገጽ ላይ ምልክቱ የለም፤ ሳገላብጠው በስተጀርባው ባዶው ላይ ነው።

እትዬ ውብነሽ ከባላቸው ኋላ ቆመው ያዩኛል። ለማኝ እንደዚያ ሲያይ አላየሁም።

«እንዴት ነው ታዲያ?» አሉ ጋሼ። «አረምኩልሽ?»

«በደንብ አርመውልኛል ጋሼ» አልኩ። ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌ ወጣሁ። ስለ ምልክቶቹ ዛሬ አልጽፍም።

ኖቬምበር 24፣ ሐሙስ

ታንክስጊቪንግ፣ የምስጋና በዓላቸው ነው፣ ቢሮ ዝግ ነው። ጎረቤቶቼ ዘመድ ሰብስበው ሲስቁ በግድግዳው ይሰማኛል። ወረቀቶቹን መሬት ላይ ዘርግቼ ስመለከት ዋልኩ።

መስኮቱ። ሻዩ። ያልተከፈተው ሻንጣ። አንብቢልኝ። ስድስቱ ገጽ። መኪናው። የስልኩ ወሬ። ሁሉንም ጽፌዋለሁ፤ እዚሁ ደብተር ላይ፣ በራሴ እጅ፣ አንድ በአንድ። ጽፌውም አላነበብኩትም።

ጋሼ መኩሪያ አያዩም። ይኸው ጻፍኩት። ኮምፒውተሩን የሰጠናቸው ቀንም ያዩ የነበረ አይመስለኝም። ልጆቹ ይህን ሁሉ ደክመው እንዴት አላይም ይባላል ብለው፣ እንዳናፍር ብለው ነው። እኔ እሳቸው እንዳያፍሩ ስጠርግ፣ እሳቸው እኔ እንዳላፍር ሲያርሙ፣ ሁለት ወር ሄደ። እኔና አሥራት የቱ ለዓይን ይቀላል እያልን ስንጨቃጨቅ የሚያስፈልጋቸው ደወል ብቻ ነበር። ደወል ያለው ኤዲተር ነበራቸው፣ እኛ አጠፋነው።

ለሐኪሙ ቀደም ብዬ ብናገር ኦፕሬሽኑ ይቀድም ነበር ወይ? ለማን ነው የምናገረው? ምን ብዬ? ዛሬ አለቀስኩ። ከዚህ በላይ ማድረግ የምችለው ነገር አላገኘሁም።

ዲሴምበር 4፣ እሑድ

ምግብ ቤቱ ውስጥ አድማሱ ግብዣ አዘጋጀ። ጋሼ ቆመው ተናገሩ። «ኦፕሬሽኑ ይሁን አይሁን የእግዜር ነው። እኔ መጽሐፌን በዓይኔ አይቻለሁ። ገጽ በገጽ አይቻለሁ። ዘቢደር ምስክሬ ናት።» ሁሉም አጨበጨበ። አድማሱ አቅፎኝ፣ «አልኩሽ አይደል፣ ቤስቱ ፕሮግራም ነው» አለኝ። አሥራት ጫማውን ያያል። ምልክቶቹን ያሳየሁት እሱን ብቻ ነው።

እኔም አጨበጨብኩ።

ዲሴምበር 12፣ ሰኞ

ኦፕሬሽን። አራት ሰዓት ፈጀ። ከእትዬ ውብነሽ ጋር ተቀምጬ ነበር። አንድ ጊዜ እጄን ያዙና፣ «ከመቼ ጀምሮ አወቅሽ?» አሉኝ። «ዘግይቼ ነው» አልኳቸው።

ዲሴምበር 19፣ ሰኞ

ፋሻው ተፈታ። ምንም የለም። አሁን ሁሉም ሰው አወቀ፤ ፌርፋክስ ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ አንድ ነገር ይለኛል። «እንኳን መጽሐፋቸውን ቀድመው አዩ።» አዎ፣ እንኳን እላለሁ።

በየምሳው እጠርጋለሁ። ማን ያየዋል ብዬ አላውቅም፤ ግን ልጆቹ አሉ፣ አውቶቡሱ ከክሬንሾው ተነሥቶ ሎንግ ቢች መድረስ አለበት።

ጃንዋሪ 8፣ 1989፣ እሑድ

ገና ትናንት አለፈ። የጠራው፣ የጸዳው መጽሐፍ ዓርብ አለቀ፤ አንድ ፊደል ያልጎደለው፣ ክፍልፋዩ በቦታው የተቀመጠ። እንዲህ ያማረ ገጽ ለፕሮፌሰሮቹም አውጥቼ አላውቅም። በአድማሱ ታክሲ ይዤው ሄድኩ።

ጋሼ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። ጥቁር መነጽር አድርገዋል። ኮምፒውተሩ በጨርቅ ተሸፍኗል። መጽሐፉን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩት። ጀርባውን ዳሰሱት፣ በአውራ ጣታቸው ገጾቹን ገለጡ፣ ቀኝ ማዕዘኑ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ጥቂት ቆመ።

«ባለፈው ያሳየሽኝ ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ይኼን ሁሉ ሳምንት ምን ስትሠሪ ነበር? አድማሱ ምሳ እንኳ አትበላም አለኝ።»

«እያስተካከልኩ ነበር።»

«ምኑን? አርሜው የለ እንዴ?» ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ፣ ትክክል ወደ ድምፄ። «ይኼኛው ከዚያኛው ይሻላል?»

እትዬ ውብነሽ በሩ ላይ ነበሩ። አድማሱም ነበረ። በልቤ መቶ አርባውም ገጽ አለፈ፣ ጥቁሩ አራት ማዕዘን፣ ቀዩ እርሳስ።

«ምንም ልዩነት የለውም ጋሼ» አልኩ። «ያው ነው።»

ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው በመዳፋቸው አስተካከሉት።

«ታዲያ ለምን ደከምሽ ልጄ?»